ውሻችሁ አንገት ላይ ትራከር ስታስሩ፦ ለጎጃም ግቢ የሚሆን አሠራር

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል ከሚጠየቁት ነገሮች መካከል አሁን የውሻ ትራከርም ገብቷል፤ አንገቱ ላይ ታስሮ እንቅስቃሴውን ወይም ያለበትን ቦታ ስልካችሁ ላይ በአፕ የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው። ችግሩ አብሮት የሚመጣው መመሪያ ነው። የተጻፈው ቀን ከባለቤቱ ጋር ለሚንሸራሸር፣ ማታ ቤት ውስጥ ለሚተኛ ውሻ ነው። ጎጃም ውስጥ ግን ብዙው የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ ሌሊቱን ጅብና ሌባ ሲጠብቅ ያድራል። የዕቃውን መመሪያ እንዳለ ከተከተላችሁ አፑ ጤነኛውን ውሻ «እንቅልፍ አጥቷል» ይላችኋል። እናንተም በባዶ ሜዳ ትጨነቃላችሁ።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እንዲህ ላለው ውሻ የሚሆን ነው።

1. ምን እንደሚለካ እወቁ

ትራከሩ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር አክሰለሮሜትር ይባላል። ስልካችሁን ስታጋድሙት ስክሪኑ የሚዞረው በዚሁ ነው። የሚያውቀው የአንገቱን ንቅናቄ ብቻ ነው፤ ምን ያህል፣ ወዴት፣ በምን ፍጥነት። ውሻው ሮጠ፣ አከከ፣ ጆሮውን አራገፈ የሚለውን አፑ ከንቅናቄው ተነስቶ ይገምታል። አንዳንዱን ያገኘዋል፣ አንዳንዱን ይስተዋል። የእርምጃና የካሎሪ ቁጥሮች ደግሞ ግምት መሆናቸውን አትርሱ።

ሊታመን የሚችለው ንጽጽሩ ነው። የአንድ ውሻ የዚህ ሳምንት ቁጥር ከራሱ ካለፈው ሳምንት ጋር። ከጎረቤት ውሻ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። አፑ ደረጃ እያወጣ ቢያፎካክራችሁም ዝም ብላችሁ እለፉት። ልጆች ትራከሩን ፈትተው ፍየል አንገት ላይ ቢያስሩት የዓመቱ ሪከርድ በዚያ ቀን ይሰበራል።

2. ያስፈልገዋል ወይ?

ከብት ተከትሎ መስክ ውሎ የሚገባ የገጠር ውሻ ትራከር አያስፈልገውም። ጮቄ ግርጌ ከእረኛ ጋር ሽቅብ ቁልቁል ሲል ለሚውል ውሻ «ዛሬ በቂ ተንቀሳቅሰሃል» የሚል መልእክት ምን ይሠራለታል? ብሩን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አውሉት። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም፣ ለውሻም ለሰውም። የከተማው ውሻም ቢሆን ሳይከተብ ትራከር መግዛት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

ጥቅሙ የሚታየው ታስሮ እየዋለ በወፈረ ውሻ፣ ባረጀና መገጣጠሚያው በሚያመው፣ ከሕመም ወይም ከቀዶ ሕክምና በሚያገግም፣ እንዲሁም አጥር እየዘለለ በሚጠፋ ላይ ነው።

3. ዓይነቱን ምረጡ

ሦስት ዓይነት አለ፣ ሰው ግን ይደባልቃቸዋል።

አንደኛው እንቅስቃሴ ብቻ የሚመዘግብ ነው። በአጥንት ቅርጽ የተሠራው መደበኛው ፊትባርክ የዚህ ወገን ነው። ራሱ ይመዘግባል፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ስትቀርቡት ደግሞ በብሉቱዝ ያስተላልፋል። ኔትወርክ ቢጠፋም ምዝገባው አይቆምም። ለጎጃም ግቢ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ጂፒኤስ ያለው ነው፤ እንደ ትራክቲቭና ፋይ። ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት ነው። ለእናንተ ስልክ ለመንገር ግን የሞባይል ኔትወርክ ይፈልጋል። ለዚህም በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ አለ፣ ብዙ ጊዜ በውጭ አገር ካርድ የሚከፈል። ሲሙም አብሮት የሚመጣ ስለሆነ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም አውጥታችሁ አትከቱበትም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራቱንና ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን ጨርሱ። የሚሠራ ቢሆንም ውሻው ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ኔትወርክ የሌለበት ገደል ውስጥ ከገባ ትራከሩ የት እንዳለ ያውቃል፣ እናንተ ግን አታውቁም።

ሦስተኛው እንደ ኤርታግ ያለው ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ለጠፋ ቁልፍና ቦርሳ መፈለጊያ ነው። እንቅስቃሴ አይለካም። ቦታውንም የሚያሳውቀው አጠገቡ የአፕል ስልክ ሲያልፍ ነው። ባሕር ዳር ጣና ዳር ሊያገለግል ይችላል። ዳንግላ ገጠር ውስጥ ግን አይፎን የያዘ ሰው እስኪያልፍ ውሻው ቡሬ ይገባል። ደግሞም ክብ ባትሪ አለው። ውሻ አኝኮ ከዋጠው «በራሱ ይወጣል» ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ደግሞ ስሙን እዩ። ዊስል የሚባለውን ትራክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2025 ጠቅልሎ ከገዛው በኋላ የዊስል ትራከሮች አገልግሎት ቆሟል። አሁን ዊስል በርካሽ ከቀረበላችሁ የምትገዙት ጌጥ ነው።

4. አስተሳሰሩ

ውሻው በሰንሰለት የሚታሰር ከሆነ ትራከሩንና ሰንሰለቱን አንድ ማሰሪያ ላይ አታድርጉ። ሰንሰለቱ በተጎተተ ቁጥር ትራከሩን ይነቀንቀዋል፣ ቁጥሩም ያለሥራው ይነሳል። ሲቆይ ደግሞ ይሰብረዋል። ሁለት ማሰሪያ ይኑር፤ ሰፊውና ጠንካራው ለሰንሰለት፣ ቀለል ያለው ለትራከር።

ማሰሪያውን ስታጠብቁ ሁለት ጣት ከጸጉሩ ሥር፣ ቆዳው ላይ አስገቡ። ሳይጨናነቁ መግባት አለባቸው። አንድ ብቻ ከገባ ጠብቋል። ሦስት አራት ከገባ ላልቷል፣ ትራከሩ እየዞረ ቁጥሩን ያበላሸዋል። ትራከሩ ከጉሮሮው በታች ይንጠልጠል። ትንሽ ውሻ ከሆነ ክብደቱንም አስቡ፤ ለእናንተ መዳፍ ምንም የማይመስለው ለሦስት ኪሎ ውሻ አንገት ሸክም ነው።

ባዶ ማሰሪያውን መጀመሪያ አስለምዱት። ምግብ ሲቀርብ ይታሰርለት፣ በልቶ ሲጨርስ ይፈታለት። ኃይለኛ ውሻ ከሆነ ይህን የሚያደርገው ምግቡን የሚሰጠው ሰው ይሁን። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፣ አንገቱንም የሚያስነካው ለዚያው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ፍቱና ጸጉሩን በጣታችሁ እየከፈላችሁ እዩ። መዥገር ማሰሪያ ሥር መደበቅ ይወዳል። ቆዳው ከቀላ፣ ካዠ ወይም ጸጉሩ ከተመለጠ እስኪድን ድረስ ትራከሩ ይውለቅ። መረጃ ቢቋረጥ ምንም አይደለም።

5. ሰዓቱንና መረጃውን አስተካክሉ

አፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 03:00 ላይ ግራፉ ከፍ ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አይደለም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። 15:00 ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 21:00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የሰዓት ሰቁ (ታይም ዞኑ) የአዲስ አበባ መሆኑንም አረጋግጡ። አካውንቱን ዋሽንግተን ያለች እህታችሁ ከፍታ ከላከችላችሁ ሁሉም ነገር በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ተዛንፎ ታገኙታላችሁ። ውሻው ቀትር ላይ ጅብ ሲያባርር የዋለ ይመስላል።

ሌላም አለ። አፑ ቀኑን የሚቆርጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሌሊት ለሚጠብቅ ውሻ ይህ ማለት አንዱ ሌሊት ለሁለት ቀን ይከፈላል ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ ጅብ አጥር ሥር መጥቶ ውሻው ሲራወጥ ካደረ የቅዳሜም የእሁድም ድምር ይነሳል። እናንተ «ሁለት ቀን ሙሉ ምን ነካው?» ትላላችሁ። ስለዚህ የቀኑን ድምር ተዉት። ሰዓት በሰዓት የሚያሳየውን ግራፍ ክፈቱና ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 12 ያለውን እንደ አንድ ፈረቃ፣ የቀረውን እንደ ሌላ ፈረቃ አንብቡት።

«ዝርያ» የሚለው ላይ የሀበሻ ውሻ ካጣችሁ «ቅይጥ» የሚለውን ምረጡ። ክብደቱ ግን ትክክል ይሁን። መጀመሪያ ብቻችሁን ሚዛን ላይ ቁሙ፣ ቀጥሎ ውሻውን ታቅፋችሁ ቁሙ፣ ቀንሱ። ለመታቀፍ እሺ የማይል ትልቅ ውሻ ከሆነ እንስሳት ክሊኒክ ስትሄዱ አስመዝኑት።

6. ለሁለት ሳምንት ምንም አትለውጡ

ትራከሩን እንዳሰራችሁ ውሻውን ይዛችሁ ሩጫ አትውጡ። የተለመደው ኑሮው ይመዝገብ። የምትፈልጉት የራሱን ልክ ነው። ጎን ለጎን አጭር ማስታወሻ ያዙ፤ ዝናብ፣ እንግዳ፣ ድግስ፣ ምን በላ።

ምን በላ የሚለው እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። በዐቢይ ጾም ከቤተሰቡ ማዕድ ለውሻው የሚደርሰው እንጀራና የሽሮ ትራፊ ነው። ፋሲካ ሲገባ አጥንቱና ጮማው በአንዴ ይወርድለታል። በማግስቱ ውሻው ተኝቶ ከዋለ፣ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ጥጋብ ነው ብላችሁ አትለፉት። ድንገት የበዛ ጮማ ውሻን ክፉኛ ሊያሳምም ይችላል። በአጭሩ፣ ሁለቱን ሳምንት በዓል አካባቢ አትጀምሩ። የምታገኙት ልክ የውሻው ሳይሆን የበዓሉ ይሆናል።

7. ግራፉን አንብቡ

መጀመሪያ የምታዩት ደስ አይልም። የታሰረ ውሻ ግራፍ ከጠዋት እስከ ማታ የተጋደመ መስመር ነው። ምግብ ሲመጣ አንዴ ብቅ ይላል። በር ሲንኳኳ አንዴ ብቅ ይላል። አለቀ። ይህን አይቶ «ውሻዬ ሰነፍ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ከሆነ የት ይሂድ? በእኔ እምነት ትራከሩ ጎጃም ግቢ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚለካው ውሻውን ይሁን እንጂ የሚያሳየው የባለቤቱን ልማድ ነው።

በርግጥ ጎልማሳ ውሻ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ቢተኛ የተለመደ ነው። ሌሊት የሠራ ደግሞ ቀን ይተኛል። ቀን መተኛቱ ብቻውን ሕመም አይደለም። የሚያሳስበው ከራሱ ልክ ሲወጣ ነው።

ሌሊት ላይ አጫጭር፣ የሚደጋገም ንቅናቄ ከበዛ አፑ ብቻውን አይበቃም። ሌሊቱን የሚያውቀውን ሰው፣ የግቢውን ጠባቂ ጠይቁ።

«ጋሼ፣ ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ሆኖ ነው? ጅብ ነበር እንዴ?»

«ኧረ የምን ጅብ። ያን ግራ ጆሮውን ሲያክ፣ ሲያራግፍ ነው ያደረው። እኔንም አላስተኛኝ።»

ተገኘ። አፑ «ከፍተኛ እንቅስቃሴ» ብሎ ያመሰገነው የጆሮ ሕመም ነው። ጆሮውን ገልጣችሁ አሽትቱ። መጥፎ ሽታና ጥቁር እድፍ ካለው ክሊኒክ ይሂድ። ጆሮው ንጹሕ ከሆነ ቁንጫና እከክ ፈልጉ፤ የጭራው ሥርና ብብቱ ላይ ጀምሩ።

ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚወርድ መስመር ደግሞ በዓይን አይታይም። በየቀኑ የምታዩት ውሻ ነዋ። ትራከር ሰውን የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ያረጀ ውሻ ከሆነ መገጣጠሚያውን ጠርጥሩ፤ ሲነሳ ይንገታገታል? ደረጃ ይፈራል? ወጣት ከሆነ የሆድ ትልና ምግቡን እዩ። በተለይ ምግቡን። ወጣችን በሽንኩርት ነው የሚሠራው፣ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ቀዩም ነጩም፣ ጥሬውም የበሰለውም። ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርስበታል። የወጥ ትራፊ አዘውትሮ የሚበላ ውሻ እየደከመ ከመጣ ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን እዩ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። ከነጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ «ነገ» ሳትሉ ዛሬውኑ ክሊኒክ ውሰዱት። ከዚያ ወዲያም ለውሻው የሚሰጠው እንጀራ ወጥ ያልነካው ይሁን።

በአንድ ቀን ቁልቁል ከወደቀ አፑን ዘግታችሁ ውሻውን እዩ። በላ ወይ? ውኃ ጠጣ ወይ? ተኝቶ እያለ ደረቱ ሲነሳ ሲወርድ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙ። እንቅልፍ ላይ ያለ ውሻ በደቂቃ ከ30 በታች መተንፈስ አለበት። የሙቀት መለኪያ ካላችሁ ጤነኛ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ለሰው ትኩሳት የሆነው ለእሱ ደኅና ነው፣ አትደንግጡ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ውሻው ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ያገኘውን ከነከሰ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተቀየረ ትራከሩን ልፍታለት ብላችሁ አትጠጉት። ዕቃው ይቅር። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። የእንስሳት ክሊኒኩንም አሳውቁ።

8. አሁን ለውጡ

ልኩን ካወቃችሁ በኋላ የቀኑን ፈረቃ በጥቂቱ አንሱት። ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሩብ ሰዓት በገመድ አንሸራሽሩት። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ። ባሕር ዳር ላይ በበጋ ቀትር አታውጡት። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፉ፤ እናንተ ካልቻላችሁት መዳፉም አይችለውም። ደብረ ማርቆስ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰዓቱ ሰፋ ይላል፣ ግን ዳገት አለ፤ ለወፈረ ውሻ ዳገቱን ለኋላ አቆዩት።

ጊዜ የሌለው ሰው ሰንሰለቱን ይቀይር። ከግቢው ዳር እስከ ዳር ጠንካራ ሽቦ ወጥሩ፣ ሰንሰለቱን በቀለበት ሽቦው ላይ አስገቡ። ውሻው ታስሮም ቢሆን ግቢውን ይመላለሳል። ጥላና ውኃ መድረሻው ላይ ይሁኑ፣ ሰንሰለቱ የሚጠመጠምበት ዛፍ ወይም ምሰሶ አይኑር፣ ዘሎ ሊንጠለጠልበት የሚችል አጥርም አጠገቡ አይሁን። ይህን ባደረጋችሁ ሳምንት የተጋደመው መስመር ሲነሳ ታዩታላችሁ።

አፑ ያስቀመጠውን የቀን ግብ ሰርዙና ከራሱ ልክ ትንሽ ከፍ ያለ ግብ አስገቡ። ስለ ውፍረት ደግሞ እጃችሁን እመኑ። ጎኑን ስትዳብሱ አጥንቱ ሳትጫኑ መዳሰስ አለበት፤ ካልተዳሰሰ ወፍሯል፣ በዓይን ከተቆጠረ ከስቷል።

9. ለራሳችሁ ደንብ አውጡ

ትራከር ባለቤቱንም ይቀይራል። ደህናው ለውጥ አብሮ መራመድ ነው። ውሻው ግቡን ይሙላ ብሎ የሚወጣ ሰው ራሱም ሳያውቀው ስፖርት ጀመረ ማለት ነው። ፊትባርክን ከራሳችሁ ፊትቢት (ሰው እጁ ላይ ከሚያስረው ትራከር) ጋር አገናኝቶ ጎን ለጎን ማየትም ይቻላል።

ደህና ያልሆነውም አለ። ሥራ ቦታ ተቀምጦ በየሰዓቱ ግራፍ የሚከፍት አለ። ዝናብ ላይ የደከመ ውሻ ጎትቶ ቁጥር የሚያሟላ አለ። ኖቲፊኬሽኑን ዝጉ። ማታ አንዴ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ረጋ ብላችሁ ማየት ይበቃል። ያመመው ውሻ ሲሆን ብቻ ይጨመር።

ከሁሉ የከፋው ሰው መሰለል ነው። ትራከሩ ውሻው መቼ እንደተፈታ፣ ልጁ መቼ እንዳንሸራሸረው፣ ጠባቂው መቼ እንደተነሳ አብሮ ይናገራል። ያልተነገራቸው ሰዎች ሲያውቁ ይከፋቸዋል፣ እውነታቸውን ነው። ገና ስታስሩት ጠርታችሁ አሳዩአቸው፤ ምን እንደሚመዘግብ፣ ለምን እንደፈለጋችሁት። በግራፍ ተነስታችሁ ሰው አትቆጡ። ቻርጀሩ ላይ የረሳችሁት ትራከርም «ውሻው አልተንቀሳቀሰም» ነው የሚለው።

10. ክረምት፣ መብራትና ማውለቅ

ካርቶኑ ላይ አይፒ67 የሚል ካለ ዕቃው አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይችላል ማለት ነው። ዝናቡን ይችላል። የእንጅባራ ክረምት ጭቃ ግን ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ይጋገራል፤ በለስላሳ ብሩሽ ሳታጸዱና ሳታደርቁ አትሰኩት። መብራት ቀን ከሌሊት ስለማይታመን ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ቻርጅ አድርጉት፣ ፓወር ባንክም ይበቃዋል። የምትነቅሉበት ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ይሁን፣ ለምሳሌ ውሻው በልቶ ሲተኛ። የጎደለው ሰዓት በየቀኑ ሌላ ቦታ ላይ ከወደቀ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ውሻው ክብደቱን ካስተካከለ ወይም ከሕመሙ ካገገመ ትራከሩን አውልቁት። ዕድሜ ልክ አይታሰርም። ለሌላ ሰው የምታስተላልፉት ከሆነ መጀመሪያ ከአካውንታችሁ አስወግዱት፣ ክፍያም ካለው አቋርጡት። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ባለቤት በስሙ ማስመዝገብ ላይችል ይችላል፣ የእናንተም ካርድ መቆረጡን ይቀጥላል።